«መኪና» ስለ ተባለው ቃል፤ አመጣጡና ልዩ ልዩ ትርጓሜው

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን አንድ ቀን ረዥም ሳንቃ አስይዘው ወደ ክፍል ገቡ። የሳንቃውን አንድ ጫፍ በወንበር ላይ፥ ሌላውን ጫፍ በመሬት ላይ አሳርፈው «ይህ መኪና ነው» አሉን። ክፍሉ በሙሉ በሣቅ ተናወጠ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችንም «የኔታ፥ ጎማውስ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችን ሣቁ እስኪበርድ ታግሠው፤ ሙሉ በርሜል በቀጥታ ከማንሣት ይልቅ በተጋደመ ሳንቃ ላይ እያንከባለሉ ማውጣት ለምን እንደሚቀል በሰፊው አስረዱን። እኛም የነገሩን ስም በእንግሊዝኛ በደብተራችን ጻፍን፤ በአማርኛ ግን ምን እንደሚባል ሳንጠይቅ አለፍነው።

ያ ሣቅ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳስበኛል። የሣቅነው በመምህራችን ሳይሆን በቃሉ ነበር። ቃሉ ለእኛ የሚነግረን ሌላ፥ ትምህርቱ ከቃሉ የሚፈልገው ሌላ ነበርና። ስለዚህ ቃል ክርክር በተነሣ ቍጥር ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው፤ «መኪና የጣልያን ቃል ስለ ሆነ በግእዝ ወይም በአማርኛ ቃል ይተካ» የሚል ነው። ሁለተኛው፤ «መኪና ለአውቶሞቢል ይቅር፥ ለሌላው ሁሉ ማሽን እንበል፥ በዚህም ነገሩ ያልቃል» የሚል ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የቃሉን አመጣጥ ከተመለከትሁ በኋላ፤ ሁለቱም አስተያየቶች ዋናውን ጕዳይ እንደ ሳቱት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሀ. ቃሉ ዛሬ በአማርኛ ያለው ትርጓሜ

«መኪና» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር አውቶሞቢል ማለት ነው። «እገሌ መኪና ገዛ» ሲባል የስፌት መኪና ገዛ ብሎ የሚተረጕም የለም። ሌላ ቃል ሲጨመርበት ግን ትርጓሜው ይሰፋል፤ የስፌት መኪና፥ የጽሕፈት መኪና፥ የማተሚያ መኪና እንላለን። እንግዲህ ሰፊው ትርጓሜ ከአማርኛ ፈጽሞ የጠፋ አይደለም፤ የሚኖረው ግን በቅጥያ ተጠግቶ ነው። ጣልያንኛም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ ብቻውን ሲሆን አውቶሞቢልን፥ ቅጥያ ሲኖረው የስፌትን፥ የጽሕፈትንና የፎቶግራፍን መሣሪያ ያመለክታል። በመስኮብኛም «ማሺና» የሚለው ቃል በዕለት ንግግር አውቶሞቢል ማለት ነው። ስለዚህ የትርጓሜው መጥበብ የአማርኛ ብቻ ጕድለት አይደለም።

በዚህ ላይ «ማሽን» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በኩል መጥቶ ከመኪና ጎን ተቀምጧል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን፥ የኤክስሬይ ማሽን፥ የቡና ማሽን እንላለን። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም «መካኒክ» ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «መካኒኩ መኪናዋን በማሽን ሠራት» ቢል፤ ሳያውቀው አንድን የግሪክ ቃል ሦስት ጊዜ ተናገረ ማለት ነው። ሦስቱ ወንድማማቾች በልዩ ልዩ በር ገብተው፥ ሳይተዋወቁ በአንድ ቤት ተቀምጠዋል።

የቃላትን ዝምድና ስንፈልግ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በየቡና ቤቱ የምንጠጣው «ማኪያቶ» በድምፅ ለመኪና የሚቀርብ ይመስላል፤ ነገር ግን ማኪያቶ ነጠብጣብ ወይም እድፍ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ስለ ሆነ በመካከላቸው ዝምድና የለም። ደግሞም የመኪና የመጀመሪያ ፊደል «መ» መሆኑ፤ መዝጊያ፥ መቍረጫ፥ መሣሪያ እንደምንላቸው ስሞች አስመስሎ ጆሯችንን ያታልለዋል። ቃሉ እንደ ባዕድ ሳይቈጠር በቀላሉ የተለመደው ምናልባት በዚህም ምክንያት ይሆናል።

ለ. የቃሉ ምንጭ

የቃሉ ምንጭ «ሜካኔ» የሚለው የግሪክ ቃል ነው። የዚህም ሥር መላ፥ ዘዴ፥ መውጫ መንገድ የሚል ትርጓሜ አለው። ስለዚህ ሜካኔ በመጀመሪያ የሚነካና የሚታይ ዕቃ ሳይሆን፤ የቸገረው ሰው ከችግሩ ለመውጣት በአእምሮው የሚያዘጋጀው ብልሃት ነበር። ሆሜር ጀግናውን ኦዲሴዎስን «ባለ ብዙ ሜካኔ» የሚል ቅጽል የሰጠው ብዙ ዕቃ ስለ ነበረው አይደለም፤ መላ የማያጣ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ከአእምሮ ወደ እጅ ወረደ። ከባድ ድንጋይ ማንሻው፥ የከተማ ቅጥር ማፍረሻው ሁሉ ሜካኔ ተባለ። በአቴና ቴአትርም አማልክትን የሚያጫውተውን ሰው ከመድረኩ በላይ ከፍ አድርጎ የሚያሳየው ማንሻ በዚሁ ስም ተጠራ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት በታየው በኤውሪጲደስ «ሜዴያ» መጨረሻ፤ ሜዴያ በፀሐይ ሠረገላ ተሳፍራ ታመልጣለች። አሪስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ ይህን አጨራረስ ነቅፎታል፤ የድርሰት ቋጠሮ ከታሪኩ ከራሱ መፈታት አለበት እንጂ በማንሻ በሚመጣ ረዳት መፈታት የለበትም ይላል። ዛሬም የሥነ ጽሑፍ ተቺዎች ያለ በቂ ምክንያት በመጨረሻ ደርሶ ሁሉን የሚያቃናውን ነገር «ከመኪና የወጣ አምላክ» በሚለው የላቲን አባባል ይጠሩታል።

ሮማውያን ቃሉን የወሰዱት ከአቴና ሰዎች ሳይሆን፤ የዶሪስ ዘዬ ከሚናገሩት ግሪኮች ነው። ምስክሩ ራሱ ድምፁ ነው፤ የአቴናው «ሜካኔ» ሲሆን፥ የዶሪሱ «ማካና» ነበርና፤ ላቲኑም «ማኪና» ሆነ። የሕንፃ ዐዋቂው ቪትሩቪዮስ ስለ ሕንፃ ጥበብ ከጻፋቸው ዐሥር መጻሕፍት የመጨረሻውን ለመኪና መድቦ፤ መኪና ማለት ሸክምን ለማንቀሳቀስ ታላቅ ኀይል ያለው የተጋጠመ እንጨት መሆኑን ይገልጻል። ባለ ቅኔው ቨርጂልም በ«ኤኔይድ» ሁለተኛ መጽሐፍ ወታደሮች በሆዱ የተደበቁበትን የትሮያን የእንጨት ፈረስ «ማኪና» ይለዋል። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ ፈረሱ ከእንጨት የተሠራ ዕቃ ነው፥ ደግሞም ተንኰል ነው። ሁለቱ ትርጓሜዎች በአንድ ፈረስ ሆድ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ቋንቋዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሴራን ወይም ተንኰልን ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ይጠራሉ። እንግሊዞች ለሞተር የሚናገሩት «ኤንጂን» የሚለው ቃልም፤ ምንም እንኳ ሥሩ ሌላ ቢሆን፥ የወጣው የተፈጥሮ ብልኅነት ከሚል የላቲን ቃል ነው።

ሐ. በሴማውያን ቋንቋዎች

ይህ ከሐሳብ ወደ ዕቃ የሚሄድ መንገድ የግሪኮች ብቻ እንዳይመስለን አንድ ምስክር ከመጽሐፍ ቅዱስ ላምጣ። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልእ ምዕራፍ 26 ቍጥር 15 ንጉሥ ዖዝያን ፍላጻና ታላላቅ ድንጋይ የሚወረውር መሣሪያ በኢየሩሳሌም እንዳሠራ ተጽፏል። የሰባ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጕም እዚህ ላይ የሚያስገባው ሜካኔ የሚለውን ቃል ነው። ዕብራይስጡ ግን «ሐሰበ» ከሚለው ሥር የወጡ ሦስት ቃላትን አከታትሎ ይጠቀማል፤ ይህም ሥር በግእዝ «ሐሰበ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ለዕብራይስጡ ጸሓፊ የጦር መኪና ማለት የዐሳቢ ሰው ሐሳብ ነበረ። የዛሬው ዕብራይስጥም ኮምፒዩተርን የሚጠራው ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው።

የዛሬው ዕብራይስጥ ለመኪና የመረጠው ስም ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 ሰሎሞን ስላሠራቸው መንኰራኵር ስላላቸው ዐሥር የናስ መቀመጫዎች ይነገራል። መቀመጫው በዕብራይስጥ «መኾና» ይባላል። የኋላ ሰዎች ድምፁ ለአውሮፓው ቃል ስለሚቀርብ ይህን ጥንታዊ ቃል አንሥተው ለመኪና ስም አደረጉት። የአውሮፓውን ድምፅ ሰምተው ከራሳቸው ጎተራ ተመሳሳዩን አወጡ ማለት ነው። እኛ ግን ድምፁንም ዕቃውንም በአንድ ጊዜ ተቀበልን።

መ. ቃሉ ወደ አማርኛ የመጣበት መንገድ

ከመኪና በፊት በአማርኛ ይህን ሰፊ ቦታ ይዞ የነበረው «ባቡር» ነው። ባቡር እንፋሎት ከሚል የላቲን ቃል የተወለደ ሲሆን፤ በጣልያንኛ «ቫፖሬ»፥ በዐረብኛ «ባቡር» ይባላል። ዛሬ በከተማ ባቡር ማለት በሐዲድ የሚሄደው ብቻ ነው፤ እርሱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ነው። ነገር ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፥ ያለ ሐዲድ በእንፋሎት የሚሄደው የመንገድ መሥሪያ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል። በገጠርም የእህል ወፍጮን ባቡር የሚል ሰው ይገኛል። እንግዲህ ባቡር በሰውና በእንስሳ ጕልበት ሳይሆን በሌላ ኀይል የሚሠራ ነገር ሁሉ ስም ሊሆን ተቃርቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪና መጣ። ቃሉ በዐረብኛም ለድምፁ በሚቀርብ መልክ ስለሚነገር፤ የመጣው ከዐረብ ነው ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል። የአንድን ቃል መንገድ ለማወቅ ግን አብረውት የተጓዙትን ጓደኞቹን መመልከት ይበጃል። ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ፓራፋንጎ፥ እነዚህ ሁሉ የጣልያን ቃላት ናቸው። ጎማ የሚጠግነውም ጎሚስታ ይባላል። አካሉ ሁሉ ጣልያንኛ ሆኖ ስሙ ብቻ ዐረብኛ ነው ማለት አያሳምንም። ጣልያኖች በኤርትራ ከእንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1890 ጀምሮ ቅኝ ግዛት መሥርተው ነበር፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው ወረራም በአገራችን መንገድ አውጥተዋል፥ ጋራዥም አቁመዋል። ከወረራው በኋላም የቀሩ የጣልያን መካኒኮች ነበሩ። ይህ ቋንቋ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን፤ በጋራዥ ውስጥ ዘይት በነካው እጅ የተቀበልነው ነው።

ሠ. የሁለቱ አስተያየቶች ምርመራ

መኪና ባዕድ ስለ ሆነ ይውጣ የሚሉት ሰዎች አንድ ነገር ዘንግተዋል። ላቲኑ ቃሉን ከግሪክ፥ ጣልያንኛውና ፈረንሳይኛው ከላቲን፥ እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ ተቀብለዋል። በውሰት ያልያዘው ባለቤቱ ግሪኩ ብቻ ነው። ቃል መዋስ ነውር ከሆነ፤ ነውሩ የሁሉም ነው። ሕዝብ የለመደውን ቃል በትእዛዝ ማስጣልም ብዙ ጊዜ ከወረቀት አያልፍም።

የሁለተኛው ወገን ሐሳብ ከዚህ ይሻላል፤ በተግባርም አሸንፏል። ጥቅሙን ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዛሬ ኮምፒዩተር ከብዙ ምሳሌ ተነሥቶ ራሱ የሚማርበትን ዘዴ እንግሊዞች «የማሽን ትምህርት» ይሉታል። ይህን «የመኪና ትምህርት» ብለን ብንተረጕመው፤ አንባቢው የመንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚመዘገብበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው ፈረንሳዊው ላ ሜትሪ ሰው ራሱ እንደ ማሽን ነው ብሎ የጻፈውን መጽሐፍም «ሰው መኪና» ብንለው መሣቂያ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት መለየት ጠቃሚ መሆኑን አልክድም።

ነገር ግን ይህ መለየት የመምህራችንን ሳንቃ ከሣቅ ያድነዋልን? አያድነውም። መምህራችን «ይህ ማሽን ነው» ቢሉንም ኖሮ እንሥቅ ነበር፤ ጥያቄው ብቻ «ጎማውስ?» መሆኑ ቀርቶ «መሰኪያውስ የት አለ?» ይሆን ነበር። በእኛ ንግግር ማሽንም ቢሆን ከውጭ የመጣ፥ ብረት የሆነ፥ ሞተር ያለው ነገር ነው። የእስክንድርያው ሄሮን ከቀላል መኪናዎች አንዱ አድርጎ የቈጠረውን ሽብልቅ፤ እንጨት ፈላጮቻችን በየቀኑ ይመቱታል፥ ማሽን የሚለው ግን የለም። የማረሻው ጫፍ አፈሩን የሚሰነጥቅ ሽብልቅ ነው፤ ድግሩ የተሰነጠቀውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ሞፈሩ የበሬዎቹን ጕልበት ከቀንበሩ ወደ ማረሻው ያደርሳል። እንዝርት የመሽከርከርን ኀይል ይዞ ጥጡን ወደ ፈትል ይለውጠዋል። ሸማኔው በእግሩ ረግጦ ድሩን ሲከፍት መወርወሪያው ያልፋል። እነዚህ ሁሉ በፊዚክስ ሕግ መኪናዎች ናቸው፤ በቋንቋችን ግን አይደሉም።

መምህራኖቼ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚያነሡ እገምታለሁ። «የቃል ትርጓሜ የሚወሰነው በዛሬ አነጋገር እንጂ በጥንት ሥሩ አይደለም፤ የእንግሊዝ ልጅም ሳንቃን ማሽን ሲሉት ይሥቃል» ይሉኝ ይሆናል። ይህ እውነት ነው። እኔም የግሪኩ ሥር ያዘናል አላልሁም። የምለው፤ የእንግሊዙ ልጅ ከሣቀ በኋላ የሚመለስበት መንገድ በቋንቋው ውስጥ አለ ነው። ሴራንም፥ የሰዓት ውስጣዊ አሠራርንም፥ ሠራተኛውንም የሚጠሩ የዚያው ቃል ዘመዶች በቋንቋው አሉለት። እኛ ዕቃውን ከነስሙ ስንቀበል ዘመዶቹ አብረው አልመጡም፤ ከሁሉ በላይ ግን ሠሪው አልመጣም። በግሪኩ ቃል ውስጥ ያለው ዐሳቢ ሰው በጉዞው ጠፍቶ፤ እኛ ዘንድ የደረሰው የተሠራው ዕቃ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቋንቋ መርምሬ ያገኘሁት ነገር አሳዝኖኛል። አማርኛ ሐሳብንና የእጅ ሥራን በአንድ ቃል የሚያገናኝበት መንገድ ከጥንት አለው። «ጥበብ» የአእምሮ ዕውቀት ነው፤ በቀሚስ ዳር በቀለም የሚሸመነውም ጥበብ ይባላል። ከዚሁ ሥር «ጠቢብ» ይወጣል፤ ዐዋቂ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ደግሞ «ጠይብ» ይወጣል፤ ይህም ብረት ቀጥቃጩና ሠሪው ነው። ጠቢቡን ስናከብር፤ ጠይቡን ግን ቡዳ ነው ብለን ስንሰድበውና ከማዕዳችን ስናርቀው ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኞችን መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ንቀት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ፕሉታርክ እንደሚተርከው አርኪሜደስ ራሱ የሠራቸውን የጦር መኪናዎች ለፈላስፋ የማይገባ ሥራ አድርጎ ይመለከታቸው ነበር። እኛ ግን አንዱን ቃል ለሁለት ከፍለን፤ ግማሹን ለክብር፥ ግማሹን ለስድብ አዋልነው። ስለዚህ የባዕዱ መኪና ሲመጣ በአድናቆት ተቀበልነው፤ ማረሻችንን የቀጠቀጠውን ሰው ግን የመኪና ሠሪ መሆኑን አላወቅንለትም።

ረ. መደምደሚያ

እንግዲህ የምደርስበት አስተያየት ይህ ነው። መኪናን ማባረርም፥ በማሽን መተካትም ዋናውን ነገር አያስተካክልም፤ አዲስ ቃል መፍጠርም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አተረጓጐማችንን ማረም ነው። መዝገበ ቃላት «መኪና» ከሚለው አጠገብ ጣልያንኛ መሆኑን ብቻ ጽፎ ማለፍ አይገባውም፤ የመማሪያ መጽሐፍም ማሽንን በሞተርና በብረት መጀመር የለበትም። ትርጓሜው «ኀይልን ለሥራ እንዲመች አድርጎ የሚያስተላልፍ ወይም የሚለውጥ፥ ሰው በጥበቡ ያዘጋጀው ብልሃት» በማለት ቢጀምር፤ ሽብልቁና ማረሻው፥ እንዝርቱና መወርወሪያው መጀመሪያ ይቈጠራሉ፤ አውቶሞቢሉና ኮምፒዩተሩ ቀጥለው ይመጣሉ። በእንዲህ ያለ ትምህርት ያደገ ልጅ ሳንቃውን ሲያይ አይሥቅም፤ አባቱ በርሜል ሲጭን አይቶታልና።

ጕዳዩ የቃል ብቻ አይደለም። መኪና ተሠርቶ የሚመጣ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ፤ ሲበላሽበት ሌላ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህም አሪስጣጣሊስ በቴአትር የነቀፈውን፥ ከላይ በማንሻ የሚወርደውን ረዳት መጠበቅ ነው። መኪና የሰው መላ ነው ብሎ የሚያምን ግን ይፈታዋል፥ ይገጥመዋል፥ ሌላም ያስባል።

ይህን የጻፍሁት ገና በመማር ላይ ያለሁ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ነው፤ ስሕተት ቢገኝበት መምህራኖቼና ጓደኞቼ እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጎማውን የጠየቀው ጓደኛዬም ይህን ቢያነብ፤ መልሴ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶታል ብዬ አምናለሁ።